የብረት ማሟያ እና የኢንፌክሽን ስጋት በኩላሊት ሕሙማን

የብረት ማሟያ ማለት በሰውነት ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ሲጎድል በክኒን፣ በሽሮፕ ወይም በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት የሚተካበት ሕክምና ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የደም ማነስ የተለመደ ስለሆነ ሕክምናው ለእነርሱ በሰፊው ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብረት የሚያስፈልገው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያዎችና ሌሎች በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም ለመራባት ይፈልጉታል። በዚህ ምክንያት የብረት መድኃኒት የኢንፌክሽንን አደጋ ይጨምር እንደሆነ ከ40 ዓመታት በላይ ሲጠና ቆይቷል። ይህ መጣጥፍ የጥናቶቹን ውጤት፣ እንዲሁም ጉዳዩ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና እና በሞጣ አካባቢ ለሚኖር የኩላሊት ሕመምተኛ ያለውን ትርጉም ያብራራል።

ብረት በሰውነት ውስጥ

በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም የሚደርስ ብረት ይገኛል። አብዛኛው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ ነው፤ የሄሞግሎቢን ሥራም ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ መላ አካል ማድረስ ነው። ከቀረው ውስጥ የሚበዛው በጉበት፣ በጣፊያ እና በአጥንት መቅኒ ውስጥ ፌሪቲን በሚባል ፕሮቲን ተሸፍኖ ይቀመጣል።

አዲስ ደም ለመሥራት በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋል። ከምግብ የሚገባው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚሞላው ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ከውስጣቸው የሚወጣው ብረት ተመልሶ ሥራ ላይ ስለሚውል ነው። ብረቱ በደም ውስጥ የሚጓዘው ትራንስፈሪን በሚባል ተሸካሚ ፕሮቲን ላይ ተጭኖ ነው። በጤነኛ ሰው ከትራንስፈሪን የመጫኛ ቦታዎች ውስጥ ሲሶ ያህሉ ብቻ የተያዙ ስለሆኑ በደም ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚንሳፈፍ ብረት ከሞላ ጎደል የለም።

የዚህ ሥርዓት ዋና ተቆጣጣሪ ጉበት የሚሠራው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሄፕሲዲን ሲበዛ ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍበትም ሆነ ከማከማቻው የሚወጣበት በር ይዘጋል፤ ሲያንስ በሩ ይከፈታል። ይህ ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በታተሙ ጥናቶች ሲገለጽ በመጀመሪያ የታወቀው ባክቴሪያን የሚገድል ፕሮቲን ሆኖ ነበር። ስሙም የተገኘው ጉበትና መግደል የሚል ትርጉም ካላቸው ቃላት ነው። የብረት ተቆጣጣሪነቱ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የኩላሊት በሽታ እና የደም ማነስ

ኩላሊት ደምን ከማጣራት ሌላ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ የአጥንት መቅኒ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲያመርት ያዝዛል። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀንሳል፤ ደምም ያንሳል። ሕመምተኛው ቶሎ ይደክመዋል፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ፊቱና የዓይኑ ሽፋን ይነጣል። ሰው ሠራሽ ኤሪትሮፖይቲን እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ የዚህ ደም ማነስ ሕክምና ተለውጧል። ሆርሞኑ ግን ያለ ብረት አይሠራም፤ መቅኒው እንዲያመርት ታዝዞ ብረት ካላገኘ ምርቱ ይቆማል።

በኩላሊት ሕሙማን ዘንድ ሁለት ዓይነት የብረት እጥረት አለ። የመጀመሪያው ክምችቱ በእርግጥ ሲያልቅ የሚከሰት ነው። የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ሰው በማሽኑና በቱቦው ውስጥ በሚቀረው ደም፣ በተደጋጋሚ በሚወሰድ የደም ናሙና እና ከአንጀት በሚደማ ደም ምክንያት በዓመት ከ1 እስከ 2 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ብረት ያጣል። ይህን ያህል በምግብ ብቻ መተካት አይቻልም።

ሁለተኛው ብረት እያለ የሚታጣበት ሁኔታ ነው። በኩላሊት በሽታ ሄፕሲዲን በሁለት ምክንያት ይበዛል፦ በሽታው የሰውነት መቆጣትን ስለሚያስከትል እና ደካማው ኩላሊት ሄፕሲዲንን በበቂ ሁኔታ ስለማያስወግድ። በዚህ ጊዜ ጎተራው እህል እያለው በሩ እንደተቆለፈበት ቤት ይሆናል፤ ክምችቱ አለ፣ መቅኒው ግን ይራባል። የብረት ክኒን ለብዙ የኩላሊት ሕሙማን በሚጠበቀው መጠን የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብረት እና ተሕዋስያን

ሰውነት ኢንፌክሽን ሲገጥመው ከሚወስዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ብረትን መደበቅ ነው። ሄፕሲዲን ይጨምራል፣ በደም ውስጥ ያለው ብረት በሰዓታት ውስጥ ይቀንሳል፣ ማከማቻዎቹም ይዘጋሉ። ዓላማው ወራሪውን ማስራብ ነው።

ተሕዋስያንም የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ብዙ ባክቴሪያዎች ሲደሮፎር የሚባሉ ብረት ቀሚ ሞለኪውሎችን ወደ ውጭ ይልካሉ። ኤንተሮባክቲን የተባለውን ኢ. ኮላይ፣ ማይኮባክቲን የተባለውን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ይሠራል። ሰውነት በበኩሉ ሲደሮካሊን በሚባል ፕሮቲን እነዚህን ሞለኪውሎች ይይዛቸዋል።

የብረት መድኃኒት በደም ሥር በብዛትና በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ትራንስፈሪን ለጥቂት ሰዓታት ሊሞላና ያልተሸከመው ብረት በደም ውስጥ ሊታይ ይችላል። በቤተ ሙከራ በተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለ ብረት የባክቴሪያን ዕድገት ያፋጥናል፤ ከመጠን ያለፈ ብረት የነጭ የደም ሕዋሳትን ተሕዋስያንን የመግደል ብቃትም ይቀንሳል። የኩላሊት ሕመምተኛ የመከላከል አቅም አስቀድሞ የተዳከመ ነው። በእጥበት ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ኢንፌክሽን ከልብና ከደም ሥር በሽታዎች ቀጥሎ ዋና የሞት ምክንያት ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም።

የጥናቶች ታሪክ

ጉዳዩን ወደ ሰፊ ክርክር ካመጡት የመጀመሪያ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአፍሪካ ቀንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው ይህ ጥናት የብረት እጥረት ያለባቸውን ሶማሌ አርብቶ አደሮች ያካተተ ነበር። ማስመሰያ ክኒን በወሰዱት ዘንድ 7 የኢንፌክሽን ክስተቶች ሲታዩ ብረት በወሰዱት ዘንድ 36 ታዩ። ከእነርሱም መካከል ተኝተው የነበሩ ወባ፣ ብሩሴሎሲስ እና የሳንባ ነቀርሳ መቀስቀስ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የዛንዚባር ፔምባ ደሴት ጥናት ደግሞ ወባ በሚበዛበት ስፍራ ብረትና ፎሊክ አሲድ በተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ሞትና ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ሕመም በ12 በመቶ መጨመሩን አሳየ። ሁለቱም ጥናቶች በኩላሊት ሕሙማን ላይ የተደረጉ አልነበሩም፤ ነገር ግን ብረት የሚሰጥበት አካባቢ ምን ዓይነት ኢንፌክሽን እንዳለበት ማወቅ እንደሚያስፈልግ አስተምረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ትልልቅ ሥራዎች ወጡ። አንደኛው 75 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሲሆን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ሄሞግሎቢንን ከፍ እንደሚያደርግና ደም የመውሰድን ፍላጎት እንደሚቀንስ፣ በሌላ በኩል ግን የኢንፌክሽንን አደጋ በሲሶ ያህል እንደሚጨምር ዘገበ። ሁለተኛው በአሜሪካ ከ117 ሺህ በላይ የእጥበት ተጠቃሚዎችን መዝገብ የተከተለ ነበር። በአጭር ጊዜ ተከታታይ ከፍተኛ መጠን የተሰጣቸው ሰዎች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከሚሰጣቸው ይልቅ በኢንፌክሽን ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው እጥበት የሚያገኙት በካቴተር በሆኑት እና በቅርቡ ኢንፌክሽን በነበረባቸው ሰዎች ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጡት በዕጣ ምደባ የተሠሩ ጥናቶች ወጥ መልስ አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውና እጥበት ያልጀመሩ 626 ሰዎችን ያካተተው ፋይንድ ሲኬዲ የተሰኘው ጥናት በደም ሥር በሚሰጥ ብረት ምክንያት የኢንፌክሽን መጨመር አላየም። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና 136 ሰዎችን ያካተተው ሪቮክ በደም ሥር ብረት በወሰዱት ዘንድ የልብና የኢንፌክሽን ከባድ ችግሮች ስለበዙ ከታቀደለት ጊዜ አስቀድሞ ቆመ።

እስካሁን በእጥበት ሕሙማን ላይ ከተደረጉት ትልቁና ተጠቃሹ ጥናት ፒቮታል ነው። በብሪታንያ በ50 ማእከላት 2,141 ሰዎችን አካቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይፋ ሆነ። አንደኛው ቡድን የፌሪቲን ወይም የትራንስፈሪን ሙሌት መጠኑ ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ በየወሩ 400 ሚሊግራም ብረት ሲሰጠው፣ ሌላኛው የሚሰጠው መጠኑ ሲወርድ ብቻ ነበር። ብዙ ብረት ያገኘው ቡድን ደም የመውሰድና ኤሪትሮፖይቲን የመጠቀም ፍላጎቱ ቀነሰ፣ ሞትና የልብ ሕመምም አልጨመረበትም። በኢንፌክሽን ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ይሁን እንጂ በወቅቱ ንቁ ኢንፌክሽን የነበረባቸው ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም፤ ፌሪቲን ከ700 ማይክሮግራም በሊትር ወይም የትራንስፈሪን ሙሌት ከ40 በመቶ ሲያልፍም መድኃኒቱ ይቆም ነበር። ስለዚህ የፒቮታል ውጤት ብረት በማናቸውም ሁኔታ ያለ ገደብ ቢሰጥ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

የምርመራ ቁጥሮች እና ከፍታ

ሐኪሞች የብረትን ሁኔታ የሚለኩት በዋናነት በሁለት ምርመራ ነው። ፌሪቲን የክምችቱን፣ የትራንስፈሪን ሙሌት ደግሞ በደም ውስጥ እየተጓዘ ያለውን ብረት ያመለክታል። ኪዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት መመሪያ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ሙሌቱ ከ30 በመቶ፣ ፌሪቲኑም ከ500 ናኖግራም በሚሊሊትር ካልበለጠ ብረት መሞከር እንደሚቻል አስቀምጧል። ያው መመሪያ መላ አካልን የነካ ንቁ ኢንፌክሽን ባለበት ጊዜ በደም ሥር ብረት እንዳይሰጥ ይመክራል።

ፌሪቲን አንድ አሳሳች ጠባይ አለው፤ ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት መቆጣት ሲኖር ብረት ባይጨምርም ይጨምራል። ትኩሳት ያለበት ሰው ፌሪቲኑ ከፍ ብሎ ሲገኝ ብረቱ በቂ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ምርመራው ኢንፌክሽኑ ከታከመ በኋላ ቢደገም ይመረጣል።

በቢቸና እና በሞጣ ላይ ሌላ ነገር ይታከላል፤ ከፍታ። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በከፍተኛ ቦታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢንን ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት በ2,500 ሜትር ላይ የደም ማነስ መለኪያው በዴሲሊትር በ1.3 ግራም ከፍ ይላል። በባሕር ጠለል ለአንዲት ሴት 12 ግራም የሆነው ወሰን በዚያ ከፍታ 13.3 ይሆናል ማለት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመና በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በአምባራስ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ አግኝቶታል። ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የማይርቅ ስለሆነ የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ከአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች የተለየ መላመድ እንዳላቸው አመልክቷል። ስለዚህ በሌሎች ሕዝቦች ላይ የተመሠረተ የከፍታ ስሌት ለኢትዮጵያ ደገኛ በትክክል ይሠራል ብሎ መውሰድ አስቸጋሪ ነው፤ ብረት ለመስጠት በሄሞግሎቢን ብቻ መወሰንም አይበቃም።

ጉዳዩ በቢቸና እና በሞጣ

ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ አካባቢ ማእከል ናቸው። ሁለቱም ከደጀን ተነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል ቢኖርም የኩላሊት እጥበት የሚፈልግ ሰው የሚላከው ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው፤ በክልሉ ከሚጠቀሱት አንዱ በባሕር ዳር የሚገኘው ፈለገ ሕይወት አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

ርቀቱ ራሱ በሕክምናው ውሳኔ ውስጥ ይገባል። እየተመላለሱ ጥቂት ጥቂት ብረት መውሰድ ለሩቅ ሰው ወጪና ድካም ስለሆነ ከፍ ያለ መጠን በአንድ ጊዜ መስጠት ይማርካል። ነገር ግን ከላይ እንደተጠቀሰው ስጋቱ ከፍ ብሎ የታየው በአጭር ጊዜ ብዙ በተሰጣቸውና በካቴተር በሚታጠቡት ላይ ነው። በኢትዮጵያ እጥበት የሚጀምሩ ብዙ ሕሙማን የሚጀምሩት በአንገት ደም ሥር በሚገባ ጊዜያዊ ካቴተር ነው። ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚሠራው ፊስቱላ የኢንፌክሽን አደጋው በጣም ያነሰ ስለሆነ ፊስቱላን አስቀድሞ ማሠራት የብረት ሕክምናንም የበለጠ አስተማማኝ ያደርገዋል።

በአካባቢው የሚታዩ ኢንፌክሽኖችም ከግምት ይገባሉ። የሳንባ ነቀርሳ በመላ ኢትዮጵያ የሚገኝ ሲሆን በኩላሊት ሕሙማን ላይ የመቀስቀስ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ብረት በደም ሥር ከመውሰዱ በፊት መመርመር ይኖርበታል። ደጋው ወባ ባይበዛበትም ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ ያለው ቆላ የወባ አገር ነው፤ ለእርሻ ወይም ለንግድ ወደዚያ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ካለው ይህንኑ ለሐኪሙ መናገሩ ይጠቅማል። ምሥራቅ ጎጃም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘው የእግር ዝሆኔ፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስ፣ የሚታይበት ዞንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ጎልቤት የተባለ ጥናት በዚሁ ዞን 696 ሕሙማንን አካቶ፣ እግርን በመታጠብ፣ ቅባት በመቀባትና ጫማ በማድረግ ተመላላሹ የእግር ሕመምና ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንዲህ ያለ የቆዳ ቁስል ለባክቴሪያ መግቢያ ስለሆነ የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው የእግር ንጽሕና ድርብ ጥቅም አለው።

በተቃራኒው አንዳንድ የአንጀት ትሎች፣ በተለይም መንጠቆ ትል፣ ደም ስለሚመጡ ራሳቸው የብረት እጥረት ምክንያት ናቸው። ትሉ ሳይታከም ብረት ብቻ መስጠት በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው።

ክኒን፣ ምግብ እና ብረት

በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን በተለምዶ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል። ይህ መጠን የተዘጋጀው ለእርግዝና ነው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑ የሚወሰነው በምርመራ ነው። ክኒን በደም ሥር ከሚሰጠው ይልቅ ወደ ደም ቀስ ብሎ ስለሚገባ ድንገተኛ የብረት ሙላት አያስከትልም። ጉዳቱ በአብዛኛው የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽና የሰገራ መጥቆር ነው። የብረት እጥረት ባለባቸው ወጣት ሴቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ክኒኑን በየቀኑ ከመውሰድ ይልቅ አንድ ቀን እያሳለፉ መውሰድ ብረቱ በተሻለ እንዲመጠጥ እንደሚረዳ አሳይቷል፤ ምክንያቱም አንድ ክኒን ሄፕሲዲንን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ቡናና ሻይ ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳሉ፤ ስለዚህ ክኒኑን ከቡና ሰዓት ማራቅ ይመከራል። የጨጓራ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶችና ፎስፌት ለመያዝ የሚሰጠው ካልሲየም ካርቦኔትም እንዲሁ ያግዳሉ።

የጎጃም ሰው ዋና ምግብ የሆነው ጤፍ በብረት ሀብታምነቱ ይታወቃል። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የታተሙ ምርመራዎች ግን ከሚለካው ብረት ብዙው ጤፉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የሚቀላቀል መሆኑን አሳይተዋል። የአፈር ብረት በአንጀት በደንብ አይመጠጥም። ሊጡ ሲቦካ ብረትን የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ እንጀራ ከቂጣ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የኩላሊት ሕመምተኛን የብረት ጉድለት በእንጀራ ብቻ መሙላት አይቻልም። ምስርና ጎመን የመሳሰሉት የጾም ምግቦች ብረት ቢኖራቸውም ፖታሲየም ስላላቸው በሽታው ለገፋበት ሰው መጠናቸው ከሐኪም ጋር ይወሰናል።

ደም መውሰድ እና ንቅለ ተከላ

ብረትን በስጋት መተው ራሱ ዋጋ አለው። ደም በጣም ሲያንስ የሚቀረው አማራጭ ደም መውሰድ ነው። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ስለሚገባ ደም በተደጋጋሚ የሚወስድ ሰው ብረት አልወሰድኩም ሊል አይችልም። ከዚህ በላይ የሌላ ሰው ደም ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል እንዲያበጅ ስለሚያደርግ ወደፊት የሚስማማ ኩላሊት የማግኘት ዕድልን ያጠባል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከተካሄደ ወዲህ ይህ ጉዳይ ለአገር ውስጥ ሕሙማንም ተጨባጭ ሆኗል።

ጥንቃቄዎች

በአሁኑ ጊዜ ባለው እውቀት የሚከተሉት ነጥቦች ተቀባይነት አላቸው፦

• ብረት የሚሰጠው ሄሞግሎቢን፣ ፌሪቲን እና የትራንስፈሪን ሙሌት ታይተው ነው።
• ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ በካቴተሩ ዙሪያ መቅላት ወይም መግል ካለ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ኢንፌክሽኑ እስኪታከም ይቆያል።
• ሕክምናው የሚዘገየው ለጊዜው ነው፤ ኢንፌክሽኑ ሲድን ምርመራው ተደግሞ ይቀጥላል።
• በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አልፎ አልፎ ከባድ የአለርጂ ምላሽ ስለሚያስከትል ድንገተኛ ሕክምና መስጠት በሚቻልበት ቦታ ብቻ ይሰጣል።
• የሄፓታይተስ ቢ፣ የኢንፍሉዌንዛ እና የሳንባ ምች ክትባቶች ለኩላሊት ሕሙማን ይመከራሉ።
• ከአንድ ጤና ተቋም ወደ ሌላው የሚላክ ሕመምተኛ የወሰደው የብረት ዓይነት፣ መጠንና ቀን በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ቢጻፍለት የሚቀበለው ሐኪም መድኃኒቱን ከመድገም ይድናል።